ጉዞውን አትሰርዢው፣ ሳምንቱን ግን ቀይሪው

ደብዳቤው

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ የ43 ዓመት ሴት ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ 12 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 7። ከ5 ሳምንት በፊት በግራ ጡቴ ላይ የነበረው እብጠት በቀዶ ሕክምና ወጣልኝ። ካንሰር ነው፣ 2ኛ ደረጃ ላይ ነው፣ በጊዜ ተደርሶበታል ብለውኛል። የፊታችን ረቡዕ ኬሞ የሚሉትን የካንሰር መድኃኒት እጀምራለሁ። መጀመሪያ በየ3 ሳምንቱ 4 ዙር፣ ከዚያ ሌላ መድኃኒት በየሳምንቱ 12 ጊዜ።

ችግሬ ይኸውልዎ። ከአንድ ዓመት በፊት ከእህቶቼና ከልጆቻቸው ጋር ባሕር ዳርቻ ቤት ተከራይተን 10 ቀን ልንከርም ተስማምተን ነበር። ዘጠኝ ነን። በአውሮፕላን 6 ሰዓት ይፈጃል፣ ቲኬቱም ተቆርጧል። ቀኑን ስቆጥረው ሁለተኛውን ዙር ኬሞ በወሰድኩ በ8ኛው ቀን ላይ ያርፋል። ትልቋ እህቴ «ኬሞውን ገፋ አድርጊውና ስንመለስ ጀምሪው» ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ «አሁን የመዝናናት ጊዜ ነው? ስትድኚ ትሄጃለሽ» ብሎ ዘግቶታል። እኔ ማንን ልስማ? ሻንጣዬን ባየሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ለጉዞ ማልቀሴ ራሱ ያሳፍረኛል።

ስሜ ይቆየኝ

መልሱ

እህት ዓለሜ፣

በመጀመሪያ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የምታለቅሺው ለባሕሩ እንዳልሆነ እኔም አንቺም እናውቃለን። ዓመት ሙሉ የጠበቅሽው ነገር በአንድ የምርመራ ወረቀት ሲነጠቅ ማን ዝም ይላል?

እኔም ከ7 ዓመት በፊት ያንቺን የመሰለ ሕክምና ወስጃለሁ። በመሀሉ ሁለት ጊዜ ተጉዣለሁ። የመጀመሪያውን አበላሸሁት፣ ሁለተኛው ተሳካልኝ። ስለዚህ የምጽፍልሽ ግማሹ ከሐኪሞች የሰማሁት ነው፣ ግማሹ በራሴ ጥፋት የተማርኩት። የአንቺ ሐኪም ከዚህ የተለየ ነገር ካለሽ ግን የእኔን ተዪው። ደምሽንም ልብሽንም የመረመረው እሱ ነው።

መልሴ አጭር ነው። ሂጂ። በተቆረጠው ቀን ግን አይደለም። አንድ ሳምንት ግፊው፣ 10 ቀኑንም ወደ 5 አሳንሺው። ኬሞው ግን ካለበት ንቅንቅ አይበል።

ከእህትሽ ሐሳብ ልጀምር፤ ምክንያቱም የሚያሰጋኝ እሱ ነው። በደግነት የተሰጠ ምክር ነው፣ ይገባኛል። ግን ቁጥሩን አብረን እንየው። ከተቀደድሽ 5 ሳምንት ሆኖሻል። ጉዞው ከዛሬ ሌላ 5 ሳምንት ይቀረዋል። 10 ቀን ከርመሽ፣ ተመልሰሽ፣ ቀጠሮ አግኝተሽ እስክትጀምሪ 12 ሳምንት ይሞላል። በካሊፎርኒያ ከ24 ሺህ በላይ ታካሚዎችን መዝገብ ያየ በ2016 የወጣ ጥናት አለ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኬሞ ሳይጀምሩ ከ90 ቀን በላይ የቆዩት ሴቶች ውጤታቸው የከፋ ሆኖ ተገኝቷል። ጉዳቱ ይበልጥ የታየው የሆርሞን ተቀባይም፣ ኸር-ቱ የሚባለው የሴል ፕሮቲንም በምርመራ ባልተገኘበት፣ ትሪፕል ኔጌቲቭ በሚባለው ዓይነት ላይ ነው። አንቺ ከጉዞ ስትመለሺ የዚያ 90 ቀን ደጃፍ ላይ ትቆሚያለሽ። አንድ ጉንፋን ቢጨመርበት አለፍሽው ማለት ነው። ለባሕር ሲባል እዚያ ድረስ አይኬድም።

ከተጀመረ በኋላም ቢሆን ዙሮቹን ማሸጋሸግ ቀላል ነገር አይደለም። ጂያኒ ቦናዶና የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ነበር። በሚላን ከባልደረቦቹ ጋር በ1976 ባወጣው ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኬሞ መስጠት ካንሰሩ እንዳይመለስ እንደሚረዳ ያሳየ ሰው ነው። ቆይቶ ደግሞ ማን ምን ያህል መድኃኒት እንደወሰደ ወደ ኋላ ተመልሶ አየ። ከታቀደላቸው መጠን ቢያንስ 85 በመቶውን የወሰዱት ከሁሉም የተሻለ ሆኑ። ከ65 በመቶ በታች የወሰዱት ግን ጭራሽ ካልወሰዱት ብዙም አልተለዩም። ሐኪሞች ዛሬም ስለ መጠኑና ስለ ቀኑ የሚጨቃጨቁሽ ለዚህ ነው። ደምሽ አልደረሰም ብለው እነሱ አንድ ሳምንት ቢገፉት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህ የተለመደ ነው። እኛ ለምኞታችን ስንገፋው ግን ልማድ ይሆናል።

አሁን ወደ ቀን ቆጠራው እንምጣ። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኬሞ የምትወስጂበትን ረቡዕ ቀን 1 በዪው። በዚያ ቀንና በማግስቱ፣ አንዳንዴም በሦስተኛው ቀን፣ ማቅለሽለሽ ለመከላከል ስቴሮይድ ይሰጥሻል። ዴክሳሜታዞን ነው ስሙ። ተጠንቀቂው፣ አታላይ ነው። እኔ በቀን 2 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቼ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ በሙሉ አውርጄ ያጸዳሁ ሰው ነኝ። «ኬሞ የሚሉት ይሄ ነው እንዴ?» ብዬ ስቄያለሁ። ስቴሮይዱ ሲያልቅ በቀን 4 ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ማቅለሽለሹም ከቀን 2 እስከ 5 ባለው ውስጥ ይመላለሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ለጉዞ አይሆንም። ይህን ማንም ይገምተዋል።

የሚያታልለው ሁለተኛው ሳምንት ነው። ከቀን 7 ወይም 8 ጀምሮ ሰው መምሰል ትጀምሪያለሽ። ምግብ ይገባልሻል፣ ትስቂያለሽ። ውስጥሽ ግን ሌላ ነው። ነጭ የደም ሴሎችሽ፣ በተለይ ኒውትሮፊል የሚባሉት ተህዋስያንን የሚዋጉት፣ ወደ ታች የሚወርዱት በዚሁ ጊዜ ነው። ከቀን 7 እስከ 14 ድረስ ዝቅ ይላሉ። ሐኪሞች ያንን ዝቅተኛ ቦታ ናዲር ይሉታል። በጤናው ጊዜ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ1,500 በላይ ኒውትሮፊል አለሽ። ከ500 ሲወርድ ትንሽ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሰው ሊጥል ይችላል። ደህና ነኝ የምትይበት ሳምንት መከላከያሽ የሌለበት ሳምንት ነው። ቲኬትሽ የተቆረጠው ለዚህ ሳምንት ነው፤ ከቀን 8 እስከ ቀን 17።

የእኔም ጥፋት እዚያው ላይ ነበር። ከአንደኛው ዙር በኋላ በቀን 10 ሄድኩ። ደህና ነበርኩ፣ ማንንም አላማከርኩም። በሁለተኛው ሌሊት በረደኝ። ብርድ ልብስ ደረብኩ፣ አልሞቀኝም። ባለቤቴ ግንባሬን ዳሰሰና «ትንሽ ሞቅ ብሎሻል» አለኝ። ቴርሞሜትር አልያዝንም ነበር። ፓራሲታሞል ውጬ ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነበር። እዚያ ያለ ሆስፒታል ስንደርስ 39.2 ነበር፣ ኒውትሮፊሌ 200። አራት ቀን ተኝቼ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ወሰድኩ። ከመስኮቱ ባሕሩ ይታያል፤ የዕረፍቴ ባሕር እሱ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ ይህን በደንብ ያዢልኝ። ጉዞ ላይ ሁኚ ቤትሽ ሁኚ፣ የሙቀት መጠንሽ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እስኪነጋ አይጠበቅም። በሌሊትም ቢሆን ይደወላል፣ ይኬዳል። ከደረሽበት ደቂቃ ጀምሮ አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመርልሽ ነው የሚፈለገው። በር ላይ የምትይው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ኬሞ ላይ ነኝ፣ ትኩሳት አለብኝ።» ተራ ጠብቂ ቢሉሽ ድገሚው። ሳትለኪ ፓራሲታሞል አትዋጪ፤ ትኩሳቱን ይሸፍነውና ያዘናጋሻል። ብርድ ብርድ ካለሽና ከተንቀጠቀጥሽ ደግሞ ቴርሞሜትሩ 38 ባያሳይም ደውዪ።

ከቀን 15 በኋላ ሴሎቹ ይመለሳሉ። በቀን 22 ለቀጣዩ ዙር የሚያበቃ ቁጥር ላይ እንዲደርሱ ነው 3 ሳምንቱ የተሰጠው። ጉልበትሽም የሚመለሰው ያኔ ነው። እንግዲህ ያንቺ ሳምንት ሦስተኛው ነው። ረቡዕ፣ በቀን 15 ሂጂ፤ እሑድ፣ በቀን 19 ተመለሺ። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ለቀጣዩ ዙር የምርመራ ደም ትሰጫለሽ፣ ረቡዕ ትቀጥያለሽ። አምስት ቀን። ከዚያ በላይ አትመኚ፣ መመለሻውን ማጥበብ ያስጨንቃል።

(ሐኪምሽ በየ3 ሳምንቱ መሆኑ ቀርቶ በየ2 ሳምንቱ ይሁን ካለ ይህ ሁሉ ስሌት ይፈርሳል። ያኔ ሦስተኛ ሳምንት የሚባል የለም፤ ነጭ የደም ሴል የሚያሳድግ መርፌም ይጨመራል። ቀኑን ራሱን ጠይቂው።)

«ለምን በአንደኛው ዙር ሦስተኛ ሳምንት አልሄድም?» ትዪኝ ይሆናል። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ ሰውነትሽ ለመድኃኒቱ ምን እንደሚመልስ ገና አታውቂም። ሌላው ፀጉር ነው። በዚህ ዓይነት ኬሞ ፀጉር የሚረግፈው ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ውስጥ ነው። ማለትም ልክ በዚያው ሳምንት። በሰው ቤት ትራስ ላይ፣ በዘጠኝ ሰው መታጠቢያ ውስጥ፣ ዘመድ አዝማድ እያየሽ። ያንን ቤትሽ ሆነሽ፣ በርሽን ዘግተሽ እለፊው። እኔ መርገፍ በጀመረ በሦስተኛው ቀን መቀስ አንስቼ ራሴ ጨረስኩት። በሁለተኛው ዙር ግን ፀጉሩ ሄዷል፣ ሻሹን ማሰር ለምደሻል፣ ልጆችሽም አይተውሻል። አራተኛው ዙር ላይ ደግሞ ድካሙ ተደራርቦ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ላይ ያለሽ ጉልበት በኋላ አይገኝም። ሁለተኛው ዙር የተሻለ ነው የምልሽ ለዚህ ነው።

አሁን ስለ ዘጠኙ ሰው እንነጋገር። ሁሉም ቀን ይቀይር ማለት ከባድ ነው፣ ፈቃድ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። እነሱ በተቆረጠው ቀን ይሂዱ። ልጆችሽም ከአክስቶቻቸው ጋር ይሂዱ። አንቺና ባለቤትሽ ቀሩ። ናዲሩን ጸጥ ባለ ቤት ታሳልፊያለሽ። የ7 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ንፍጥ በዚያ ሳምንት ባይገባብሽ ይሻላል። በቀን 15 ሁለታችሁ ትቀላቀላላችሁ። ከእነሱ ጋር ሁለት ሌሊት ታገኛላችሁ። እነሱ ሲመለሱ እናንተ አራታችሁ እስከ እሑድ ትቆያላችሁ። ቤቱን ሁለት ሌሊት ማስረዘም ነው እንግዲህ። እዚያ ከመድረስሽ በፊት ግን ለትልቋ እህትሽ ደውለሽ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ የሚያስል፣ የሚያስቀምጠው፣ ትኩሳት ያለበት ሰው አለ? ካለ አትሂጂ። ይህን ከአሁኑ ተነጋገሩበት፣ በኋላ ቅሬታ እንዳይሆን።

ቲኬቱን ቀን የሚቀየርበት አድርጊው፣ ቢወደድም። የአንደኛው ዙር ደምሽ ዘግይቶ ቢነሳ ሁለተኛው ዙር በሳምንት ይገፋል፣ ያንቺም ሦስተኛ ሳምንት አብሮ ይገፋል። ይህ ብርቅ አይደለም፣ ይደርሳል። የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገቢም ሕመምሽን አትደብቂ። ሳይነገራቸው የቀረ ሕመም ላይ ክፍያ ሊከለክሉሽ ይችላሉ።

ሐኪምሽን ለማነጋገር አትዘግዪ፤ ከረቡዕ በፊት ጠይቂው። «ጉዞ ልሄድ እችላለሁ?» ብለሽ ብቻ አትጠይቂው፤ «አይ» ማለት ይቀለዋል። ካላንደርሽን ዘርግተሽ «በሁለተኛው ዙር ከቀን 15 እስከ 19 ብሄድ ምን ያሰጋሃል?» በዪው። ከመሄድሽ በፊት የደም ምርመራ ይፈልግ እንደሆነም ጠይቂው። ከዚያ አንድ ደብዳቤ አስጽፊ፦ ምን ሕመም እንደሆነ፣ የመድኃኒቶቹ ሳይንሳዊ ስም፣ የመጨረሻው ዙር ቀን፣ የቅርብ የደም ውጤት፣ በሌሊት የሚነሳ ስልክ። በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ወረቀቱንም ያዢ። በምትሄጂበት አካባቢ ደግሞ 24 ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል የት እንዳለ አሁን ፈልጊ። ከቤቱ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚርቅ ከሆነ ቤቱን ቀይሩት ነው የምልሽ። መልከዓ ምድሩ ያማረ መሆኑን ለሌላ ጊዜ።

መድኃኒትሽ በሙሉ በእጅ ሻንጣ ይሁን፣ በየራሱ እሽግ። የተጫነ ሻንጣ ሲጠፋ አይተናል። ነጭ ሴል የሚያሳድገው መርፌ ከታዘዘልሽ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ በረዶ ሆኖ መጠንከር ግን የለበትም። በአብዛኛው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ስለሚያልቅ በቀን 15 አያሳስብሽም። ቴርሞሜትሩን ሁለት አድርጊው።

ስድስት ሰዓት በረራ ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ። ካንሰር ራሱ ደምን ለመርጋት ያጋልጣል፤ ኬሞው ይጨምርበታል፤ ከቀዶ ሕክምናም ብዙ አልቆየሽም። ከ4 ሰዓት በላይ ተጨብጦ መቀመጥ ሌላው ነው። ስለዚህ በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ውሰጂ። በየሰዓቱ ተነሺ፣ ቁርጭምጭሚትሽን አሽከርክሪ፣ ውሃ ጠጪ። የሚያጠብቅ ካልሲ ወይም ደም የሚያቀጥን መርፌ ያስፈልግሽ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂው። ከዚያ በኋላ አንድ እግርሽ ብቻ ቢያብጥና ቢያምሽ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥርሽ፣ እንደ ትኩሳቱ ሁሉ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ከብብትሽ እጢ ወጥቶ ከሆነ ሻንጣውን በግራ ክንድሽ አትሸከሚ። ድሮ አውሮፕላን ክንድ ያሳብጣል ብለው ያስፈራሩን ነበር። ታካሚዎችን ለዓመታት የተከታተሉ አዳዲስ ጥናቶች ግን ያን ያህል አላገኙም። ክንድሽ እስካሁን ካላበጠ በዚህ አትጨነቂ። የወባ ትንኝ ንክሻና ጭረት ግን በዚያ ክንድ ላይ አይናቅም፤ እጠቢው፣ ቢቀላ አሳዪው።

ባሕር ላይ ምን ታደርጊያለሽ? ጥላ ሥር ትቀመጫለሽ። ከኬሞ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጉታል። ፀሐይ ዓይቶ የማያውቅ ራስ ቅል ደግሞ በ20 ደቂቃ ይቃጠላል፣ ከራሴ አውቀዋለሁ። ሰፊ ባርኔጣ፣ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፤ ለጆሮና ለማጅራትም። መዋኘቱ በቁስሉ ይወሰናል። ቁስልሽ ሙሉ በሙሉ ከደረቀና ደረትሽ ላይ ከቆዳ ሥር የተቀበረ ፖርት (መድኃኒት የሚሰጥበት ትንሽ ቋት) ብቻ ካለሽ፣ መርፌ እስካልተሰካበት ድረስ ውሃ መግባት ይቻላል። ከክንድሽ የሚወጣ ቱቦ ካለሽ ግን ውሃ አይነካውም። ጃኩዚ ውስጥ በምንም ዓይነት አትግቢ፤ ሞቅ ያለ የጋራ ውሃ የተህዋስያን መራቢያ ነው። ምግቡ ላይ ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ የባሕር ምግብ፣ ያልተፈላ ወተት፣ ከሰዓታት በፊት ወጥቶ የተቀመጠ ነገር ይቅር። የቀረውን ብዪ። አፍሽ ብረት ብረት ቢልሽ አትገረሚ፣ መድኃኒቱ ነው።

ወደምትሄጂበት አገር ለመግባት ቢጫ ወባ ክትባት የሚጠየቅ ከሆነ አሁኑኑ ለሐኪምሽ ንገሪው። ሕያው ተህዋስ ያለባቸው ክትባቶች በኬሞ ጊዜ አይወሰዱም፤ ከኬሞ በኋላም ቢያንስ 3 ወር ይቆያል። መከተብ እንደማትችዪ የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ይጻፍልሽ። ግን ክትባት የሚጠየቀው በሽታው ስላለ ከሆነ ቦታውን ቀይሪ፤ ማስረጃው ድንበር ያሻግርሻል እንጂ ትንኝ አይከለክልም። የጉንፋን ወቅት ከሆነ የኢንፍሉዌንዛው መርፌ ሌላ ነው፣ ሕያው አይደለም። ለቤተሰቡ በሙሉ ይሰጥ።

አንድ ቀን ሙሉ ካልጋ ላትነሺ ትችያለሽ፣ ሦስተኛው ሳምንትም ቢሆን። ስለዚህ መርሐ ግብር አታብዙ። በቀን አንድ ነገር ብቻ። ጠዋት ባሕር ከሆነ ከሰዓት እንቅልፍ ነው። «እኔን አትጠብቁ፣ ሂዱ» ማለትን ተለማመጂ፤ የሚገርምሽ፣ ለእናት ይህ ከኬሞው በላይ ይከብዳል። እህቶችሽ ወጥ ቤቱን ይያዙት። አንቺ ወጥ ቤት ከገባሽ ምን ዕረፍት ነው?

ከ4ቱ ዙር በኋላ ስለሚመጣው በየሳምንቱ 12 ጊዜ ብዙ አልልም። መድኃኒቱ ፓክሊታክሰል የሚባለው ይመስለኛል። በየሳምንቱ ስለሆነ ረጅም ክፍተት የለውም፤ ግን ብዙዎቻችን ከመጀመሪያው ቀለል ብሎን አልፏል። ጣትና እግር መደንዘዝ ያመጣል፣ እየቆየ ይብሳል፣ ለሐኪምሽ ሳትነግሪ አትለፊው። በዚያ ጊዜ አጫጭር የሁለት ቀን ነገሮች አድርጊ። ትልቁ ክፍተትሽ ከዚያ በኋላ ነው። የመጨረሻው ኬሞ ካለቀ በኋላ የጨረር ሕክምና ከታዘዘልሽ፣ ብዙ ጊዜ እስኪጀመር ጥቂት ሳምንታት ይሰጣል። ጨረሩ ከተጀመረ ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ነው፣ መንቀሳቀሻ የለም። የሁለቱን መሀል አሁኑኑ በእርሳስ ክበቢው። የ10 ቀኑ ጉዞ ያን ጊዜ ይሁን። ያንቺ ካንሰር ኸር-ቱ የሚባለው ያለበት ከሆነ ሌላ መድኃኒት በየ3 ሳምንቱ እስከ አንድ ዓመት ይቀጥላል። እሱ ግን ነጭ ሴልን እንደ ኬሞ አያወርድም፣ በመሀሉ መጓዝ ይቻላል።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ክፉ ሰው አልመሰለኝም። የፈራ ሰው ነው። «ስትድኚ ትሄጃለሽ» ሲልሽ «ትድኛለሽ» ማለቱ ነበር። አንቺ የሰማሽው ግን «እስክትድኚ ኑሮ የለሽም» የሚለውን ነው። ሕክምናሽ ግን ከነሁሉ ነገሩ ዓመት ሊጠጋ ይችላል። የ7 ዓመት ልጅ ዓመት አይጠብቅም፣ 8 ይሆናል። እሱን ከእኔ ደብዳቤ ጋር አስቀምጪውና ሥራ ስጪው። ቴርሞሜትሩን፣ የሆስፒታሉን አድራሻ፣ የሐኪሙን ስልክ እሱ ይያዝ። ወደ ሐኪሙም አብሮሽ ይምጣ። የእኔው ባል በሁለተኛው ጉዟችን ጠዋትና ማታ ሙቀቴን እየለካ በደብተር ሲጽፍ ነበር፤ እስካሁን ደብተሩ አለ። 36.7፣ 36.5፣ 36.8 ይላል። ያን ጊዜ እሱም እንቅልፍ ተኛ።

እህትሽን ደግሞ እኔ ሳልሆን አንቺ ደውዪላት። ኬሞው ረቡዕ እንደሚጀመር፣ ቤቱ እስከ እሑድ እንደሚራዘም ንገሪያት። ሐኪምሽን ካነጋገርሽ በኋላ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።

እትዬ